የእትዬ አስካለ ከርቤ የተለቀመበት አገር

ይህን የምጽፈው ቦረናን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ወደፊትም ከቃሊቲ ማዶ የመሄድ ሐሳብ ለሌላችሁ የልደታ ሰዎች ነው። እኔም እስካለፈው ሚያዝያ ድረስ እንደናንተው ነበርኩ። ሃያ ስምንት ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ ሩቅ አገር የማውቀው መዝገብ ላይ በተጻፈ አድራሻ ብቻ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ረጅሙ ጉዞዬ ከቤቴ እስከ ጠመንጃ ያዥ ነው፤ እሱንም በታክሲ። የማስጎብኘት ችሎታ የለኝም። ያየሁትን መመዝገብ ግን የለመደ እጅ አለኝ።

ለጉዞው ምክንያት የሆነችው ታላቅ እህቴ አስካለ ናት። እትዬ ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ ሠላሳ አንድ ዓመት የነገደችበት ጠባብ ሱቅ አላት። እጣን፣ ሙጫ፣ ጧፍ ትሸጣለች፤ ስሟ የተጠራው ግን በከርቤዋ ነው። ለጥርስ ሕመም የሚል፣ ለሆድ ቁርጠት የሚል፣ ለጉሮሮ የሚል ሰው ከጌጃ ሰፈር ድረስ እየመጣ ይሰለፋል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታዲያ ጎረቤታችን ሰዓዳ፣ ብዙ ዓመት አረብ አገር ሠርታ የተመለሰችው፣ ከቆርቆሮው ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ አስቀመጠችና አጣጣመችው። ከዚያ ተናገረች።

«እትዬ አስካለ፣ አይቆጡኝና ይሄ ከርቤ አይደለም። ከርቤ ይመራል። እዚያ እያለሁ ለቤቱ አሮጊት በየጠዋቱ የምበጠብጠው እኔ ነበርኩ፤ ምላሴ ያውቀዋል።»

እትዬ በሰልፉ ሁሉ ፊት ቀይ ሆነች። «ልደታ ትመስክርብኝ፣ ይሄ ከርቤ ካልሆነ ሱቄን እዘጋለሁ» አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር። በሥራ ዘመኔ ብዙ መሐላ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ተቻኩሎ የወጣ ግን አላስታውስም።

ሰልፉ ሲበተን እትዬ ራሷ ቀመሰችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሸጠው አንድ ቀን ምላሷ ላይ አላደረገችውም ነበር። አልመረራትም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለት ነገር ወሰነች፤ አንደኛ፣ እውነቱ እስኪታወቅ ከዚያ ቆርቆሮ ቁንጣሪ እንዳይሸጥ፤ ሁለተኛ፣ ነገሩ እስኪለይለት ድረስ ለወግ ያህል እንኳ ቢሆን ከአፏ ውሸት እንዳይወጣ። የመጀመሪያውን ችዬው ነበር። ሁለተኛው ግን መንገድ ላይ ሊያስደበድበን ነበር።

«መርካቶ ሄደን አንድ ነጋዴ እንጠይቅ» ብላት፣ «የመርካቶ ሰው ሊሸጥልኝ ነው የሚነግረኝ። ከለቀመው ሰው አፍ ካልሰማሁ አላምንም» አለችኝ። የሚለቀመው ቦረና ነው። ጃርሶ የሚባል ሰው ከያቤሎ በአውቶቡስ ጆንያ ይልክላታል፤ ከእሱ በፊት አባቱ ነበሩ የሚልኩላት። በአካል ተያይተው አያውቁም። ስልክ ላይ የሚነጋገሩት «ላክሁት»፣ «ደረሰኝ»፣ «ሰላም ነው?»፣ «ሰላም ነው» ብቻ ነው። ለምን ደውለሽ አትጠይቂውም ብላት፣ ይህን የሚያህል ነገር ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ አይጠየቅም አለች። ብቻዋን አልለቃትም፤ ተነሳሁ።

ማክሰኞ፤ ከልደታ እስከ ዲላ

እትዬ ሻንጣ የሚባል ነገር አልያዘችም። የያዘችው ሦስት ዘንቢል ነው። አንዱ ውስጥ ዳቦ ቆሎና በሶ፣ ሁለተኛው ውስጥ ልብስ፣ ሦስተኛው ውስጥ ያ የተጠረጠረው ከርቤ። ሦስተኛውን የታመመ ልጅ ይመስል አቅፋው ነው ከቃሊቲ መናኸሪያ የተነሳችው። እኔም ባዶ እጄን አልነበርኩም። መተማ በረሃ እጣን ያስለቅም የነበረ አንድ ወዳጄ፣ የእጣን ዛፍ የሚደማበትን የእንጨት እጀታ ያለው ምላጭ አውሶኝ ነበር። «ዛፉን እንዲህ ፋቅ ታደርገዋለህ፣ ይደማል፣ የደማው ሲደርቅ ትለቅማለህ» ብሎ በበሩ መቃን ላይ አሳይቶኛል። ራሴን እንደ ባለሙያ ቆጥሬ ነበር የተሳፈርኩት።

ዝዋይን ሳናልፍ አጠገባችን የተቀመጠች ልጅ ለእህቷ ሠርግ ያሰፋችውን ቀሚስ በስልኳ ለእትዬ አሳየቻት። «እማማ፣ ያምርብኛል?» እትዬ ስልኩን ተቀብላ መነጽሯን አስተካክላ አየች። «ቀለሙ ያምራል። ወገቡ ላይ ግን ይዞሻል፣ ስትበዪ ይፈነዳል።» ልጅቷ እስከ ሻሸመኔ ድረስ አላናገረችንም። በእግሬ ብነካት፣ «ጠየቀችኝ፣ መለስኩ» አለችኝ።

ሻሸመኔ ምሳ ላይ የባሰው መጣ። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ወፈር ያሉ ደስ የሚሉ ሴትዮ፣ ጠረጴዛችን አጠገብ ቆመው «ጥብሱ እንዴት ነበር?» አሉ። የልደታ ሰው ይህን ሲጠየቅ ምን እንደሚመልስ ታውቃላችሁ። እትዬ ግን፣ «ሥጋው ያረጀ ነው፣ ሽንኩርቱ ቸኩሎ ወጥቷል፣ እንጀራው ግን ጥሩ ነው» አለች። እኔ ሒሳብ ለመጥራት እጄን አነሳሁ። ሴትዮዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሰው ሁሉ ጥሩ ነው እያለኝ ይወጣል፣ ተመልሶ ግን አይመጣም። በሉ እሱን ንገሩኝ» አሉ። እትዬን ወጥ ቤት ይዘዋት ገቡ። እኔ ሾፌሩን እየተለማመጥኩ አውቶቡሱን አስቆምኩት። እህቴ የወጥ ቤቱን ምርመራ ጨርሳ ስትወጣ በእጇ የታሸገ ክትፎ ይዛለች፤ ሴትዮዋም ጉንጯን እየሳሙ ሸኟት።

ዲላ ያረፍንበት ሆቴል ንጹሕ ነው። ሻወር አለው፤ እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ይህን ሳይ ልቤ ተነሳ። ከራሴ እስከ እግሬ ሳሙና ለብሼ መክፈቻውን ሳዞረው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ዓይኔን ጨፍኜ በሩን ስዳብስ የበሩም እጀታ ተነቀለ። ሁለት እጀታ ይዤ ቆሜ «ኧረ የሰው ያለህ» ስል የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ ሰማችኝ፤ በሩን በማንኪያ ከፍታ፣ ፊቷን ወዲያ አዙራ፣ ሙቅ ውኃ በባልዲ አቀበለችኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ ማለፌ እስካሁን ይቆጨኛል።

ረቡዕ፤ ከዲላ እስከ ያቤሎ

ጠዋት ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነበር። ቡሌ ሆራን ስናልፍ መሬቱ ቀላ፤ ዛፉ አጠረና እሾህ አበጀ። መንገዱ ዳር ከሰው ቁመት የሚበልጡ ቀጫጭን የቀይ አፈር ክምሮች ቆመዋል። «የጥንት መቃብር ነው?» ብዬ ከፊት የተቀመጠውን ሰው ጠየቅሁት። «የምስጥ ቤት ነው አባቴ» አለኝ። ሰውዬው ለጓደኛው ነገረው፣ ጓደኛው ለኋለኛው፤ እስከ አውቶቡሱ መጨረሻ ድረስ ተሳቀብኝ። ኩይሳ አይቼ እንደማላውቅ አልካድኩም። ምስጥ ልደታም አለ፤ እዚያ ግን የሚኖረው የአባቴ ቁምሳጥን ውስጥ ነው።

እንደምንመጣ ብቻ በስልክ የነገርነው ጃርሶ የያቤሎ መገንጠያ ላይ ቆሞ ጠበቀን። አርባ ዓመት የሚሆነው ረጅም ሰው ነው፤ ሽርጥ አገልድሟል። እትዬን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ፣ በሁለት እጁ ጨበጣት። ሰላምታው ረጅም ነበር። ሰዉ ሰላም ነው? ቤቱ ሰላም ነው? መንገዱ ሰላም ነበር? ለሁሉም እትዬ በእውነት መለሰች። በመጨረሻ፣ «ከብቶቹስ ደህና ናቸው እማማ?» አላት።

«ከብት የለኝም ልጄ።»

«አንድም?»

«አንድም የለኝም።»

ጃርሶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ባርኔጣውን መልሶ አላደረገውም። ከተማ ውስጥ እስከሚያድርበት ቤት ዘንቢሎቹን ሁሉ ብቻውን ተሸከመ። የአገሩ ልማድ መስሎን እኛም አብረን አዘንን። ምን እንደሆነ የገባን በማግስቱ ነው።

ሐሙስ፤ የጃርሶ መንደር

የጃርሶ ቤተሰብ የሚኖርበት መንደር ከከተማው በአይሱዙ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ግማሽ ቀን ያልኩት ጎማ የፈነዳበትን ጨምሬ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቅጠል የሌለው ቁጥቋጦ እስከ ሰማዩ ጫፍ ተዘርግቷል። «ይሄ ሁሉ ደርቆ ነው የቆመው?» አለች እትዬ። «አልደረቀም፣ ዝናብ እየጠበቀ ነው» አላት ጃርሶ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ቀጠሮ የሚጠብቁ ባለጉዳዮች ታወሱኝ፤ እነሱም እንዲሁ ናቸው፣ የደረቁ ይመስላሉ እንጂ አልደረቁም።

ገና ከመኪናው ሳንወርድ እትዬ አፍንጫዋን አነሳች። «ከርቤዬ» አለች። «ስሜነህ፣ ከርቤዬ ሸተተኝ።» ሽታውን ተከትላ ወደ አጥሩ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ከአጥሩ ጀርባ የጃርሶ ሚስት ዳርሚ አንዲት ጥጃ በጉልበቷ መሃል ይዛ ቡናማ ውኃ በጨርቅ እየነከረች ጆሮዋንና ብብቷን ታጥባለች። ጎኗ ባለው ጣሳ ውስጥ የተቀመጠው፣ በውኃ የሚሟሟው ቁርጥራጭ፣ እህቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በወረቀት እየጠቀለለች የሸጠችው ነው። መልኩም ሽታውም አንድ ነው።

«ምን እያደረገች ነው?» አለች እትዬ።

«መዥገር እያራገፈች ነዋ» አለ ጃርሶ። «ሀጋርሱ ነው። ለእርስዎ የምልከው።»

«ሰው አይጠጣውም?»

ጃርሶ ጥያቄው አልገባውም። «መዥገር ያለበት ሰው?» አለ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠን ነገሩ ተፈታ። ጃርሶም አባቱም እትዬን አንድ ቀን አላታለሉም። አዲስ አበባ ያለች አንዲት ሴት በየወሩ ይህን ያህል ሀጋርሱ ከወሰደች የማይቆጠር ከብት ቢኖራት ነው ብለው ነው የኖሩት። ለመንደሩም ሁሉ ነግረዋል። «ልደታ የሚባል አገር አስካለ የምትባል ሀብታም አለች፣ ከብቶቿ ብዙ ናቸው፣ መዥገሩም ክፉ ነው» እየተባለ ሲወራ ዓመታት አልፈዋል። እናም ትናንት «አንድም የለኝም» ስትል፣ ጃርሶ መንጋዋ በሙሉ በድርቅ አልቋል ብሎ ነው ያለቀሰው።

እኔ ሳቄ መጣ። እትዬን ሳያት ዋጥኩት።

ጃርሶ መጋዘኑን ከፈተልን። አራት ዓይነት ጆንያ አለ። ነጩ ከግራር የሚለቀም ሙጫ ነው፤ እረኞች ሲርባቸው ይበሉታል፣ ፋብሪካ ሲገባ ከረሜላም ማጣበቂያም ይሆናል። ሃያ ስምንት ዓመት ፖስታ ሳሽግ በምላሴ የላስኩት የዛፍ ላብ ሊሆን እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው። ሁለተኛው እጣን ነው። ሦስተኛው ሀጋርሱ። አራተኛው ቀላ ያለ ነው፤ ቁምቢ ይሉታል። ጃርሶ ከእሱ ፍርፋሪ ለእትዬ ሰጣት። ምላሷ ላይ ስታደርገው ፊቷ እንደ ተጨመቀ ሎሚ ተሰበሰበ፣ ዓይኗ አለቀሰ። ይህ ነበር ከርቤው።

«ሰዓዳ እውነቷን ነው» አለች። ያን ቀን ምሳም ራትም አልበላችም።

ዓርብ፤ የእኔ ጥፋት

እህቴን ላስደስት ብዬ ነው፤ ይመዝገብልኝ። ንጹሕ ከርቤ በገዛ እጄ አድምቼ ላመጣላት ምላጩን ይዤ ማለዳ ከመንደሩ ወጣሁ። አንድ ትልቅ፣ ጣት ጣት የመሰለ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ አገኘሁና ወዳጄ እንዳሳየኝ ፋቅ አደረግሁት። ወዲያው ነጭ ወተት ፈንጥቆ ሁለቱም ዓይኖቼ ውስጥ ገባ።

ጌጃ ሰፈር ያደገ ሰው ቅንጭብ አይጠፋውም። የልጅነት ቤታችን አጥር ቅንጭብ ነበር፤ እናታችን በነካነው ቁጥር ጆሯችንን ትጎትት ነበር። ያ ግን ወገብ የማይደርስ አጥር ነው። ይሄኛው እንደ ዋርካ ቆሞ ሳገኘው የበረሃ ከርቤ መስሎኝ አረፈው። እየጮህኩ እሾህ ለእሾህ ስሄድ ሁለት ሴቶች ደረሱልኝና በሽርጤ ጫፍ እየጎተቱ አመጡኝ። ሽርጡን ያዋሰኝ ጃርሶ ነው፤ ጨርቁም ያን ያህል መጎተት አልቻለም።

ዳርሚ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስደግፋ ወተት ዓይኔ ውስጥ አፈሰሰች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ቃጠሎው በረደ። ወተቱ ከየት እንደመጣ የተነገረኝ በኋላ ነው። ድርቁ የተወላቸው የምትታለብ ላም አንድ ናት፤ የፈሰሰብኝ የቤተሰቡ የዕለት ወተት ነበር። በልደታ አንድ ብርጭቆ ውኃ የከለከለኝን ሰው አውቃለሁ። እዚህ ፊቴን በቁርሳቸው አጠቡኝ። 

ሲሻለኝ ጃርሶ ምላጩን አገላብጦ አየና ጠየቀኝ። ለምን እንደያዝኩት ነገርኩት። «እኛ አንቆርጥም» አለ። «ዛፉ ራሱ ሲሰነጠቅ፣ ትል ሲበላው ይወጣል። የወጣውን ሴቶቹ ከብት ሲጠብቁ ይለቅማሉ። ያልሰጠህን አትወስድም።» ቁጣ የለበትም፣ እንደ ሕፃን ነው ያስረዳኝ። ምላጩን ካልሲዬ ውስጥ ጠቅልዬ ደበቅሁት።

ቅዳሜ፤ ከግራሩ ሥር

ጃርሶ ነገሩ ሳይፈታ፣ ረቡዕ ማታውኑ፣ የእትዬን «መከራ» በስልክ ለሽማግሌዎቹ ነግሮ ኖሯል፤ በኋላ የተፈታውን ግን ገና አልነገራቸውም። ጠዋት ስድስት አዛውንት ግራር ሥር ተሰብስበው ጠሩን። የሁሉም ታላቅ አባ ጉዮ ናቸው። እትዬ አክብሮቷን በቋንቋቸው ልትገልጽ ፈለገች። ችግሩ አባታችን የሰላሌ ሰው ቢሆኑም ኦሮምኛ የሚናገሩት ሲቆጡ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ እኛ ቤት የተረፈው ቁጣ ቁጣው ነው። አባ ጉዮ ሊቀበሏት ሲነሱ እትዬ «ታኢ» አለቻቸው፤ ልጅን ቁጭ በል እንደሚሉት ያለ ነው። አባ ጉዮ ደንግጠው ተቀመጡ። አምስቱ አዛውንት ሳቃቸውን በጭራቸው ሸፈኑ።

ከዚያ አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ጃርሶ ተረጎመልን። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው አዋጥቶ መልሶ ያቆመዋል፤ ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል። እትዬ የጎሳው ልጅ አይደለችም። ይሁን እንጂ የእነሱን ዛፍ ላብ ሠላሳ አንድ ዓመት የወሰደች ሴት ባዕድ ልትባል አትችልም። ስለዚህ አንዲት ጊደር ተሰጥቷታል። ክርክሩ፣ ምስክሩ፣ ውሳኔው አንድ ሰዓት አልሞላም። እኔ በሥራ ዘመኔ አንድ መዝገብ ለመክፈት ከዚህ የበለጠ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ከስድስቱ አዛውንት ሦስቱ ራሳቸው ከብታቸው ያለቀባቸው መሆናቸውን ጃርሶ በጆሮዬ ነገረኝ።

እትዬ ተነሳች። «አልቀበልም» አለች። «ከብት ኖሮኝ አያውቅም። እኔ ሱቅ ነው ያለኝ። ይሄንን የእናንተን ሀጋርሱ ከርቤ ነው ብዬ ለሰው ስሸጥ ኖሬያለሁ። ሰው በጥብጦ ጠጥቶታል።»

ጃርሶ ሲተረጉም አፉ ተሳሰረ።  አባ ጉዮ በእርጋታ ጠየቁ።

«የጠጣው ሰው ሞተ?»

«አልሞተም።»

«ታመመ?»

«እኔ እስከማውቀው አልታመመም።»

«መዥገር ያዘው?»

እትዬ በእውነት ነው የምትመልሰው፤ አሰበች። «ልደታ ውስጥ መዥገር የያዘው ሰው አላውቅም።»

«እንግዲያው ሠርቷል» አሉ አባ ጉዮ።

ግራሩ ሥር የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። እኔ ሆዴን ይዤ ተንከባለልኩ። እትዬ ብቻ አልሳቀችም። ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች። «እኔ ግን በማርያም ስም ምያለሁ» አለች። «ከርቤ ካልሆነ ሱቄን እዘጋለሁ ብያለሁ። ባሌ ሲሞት ከመኝታ ያስነሳኝ ያ ሱቅ ነው። ልጅ የለኝም። ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት ሌላ ቦታ የለኝም።» ድምጿ ሲሰበር ሰማሁት፤ በሕይወቴ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። ሳቄ ያሳፈረኝን ያህል የቅንጭቡ ወተት አላቃጠለኝም።

አባ ጉዮ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «የማልሽውን እኛ አንፈታውም፤ አገርሽ የሚፈታ አለ» አሉ። «ጊደሯን ግን የሰጠንሽ ከብት ስላለቀብሽ ነበር። አንቺ ለካ ከመጀመሪያውም የለሽም። ይሄ ይብሳል። ያንቺው ናት።» ጊደሯ ከጃርሶ መንጋ ጋር ሆና ትጠበቅላታለች ተባለ። እኔ ደብተሬን አውጥቼ የርክክብ ሰነድ መጻፍ ጀመርኩ። አባ ጉዮ ምን እንደማደርግ ጠየቁ፤ ጃርሶ ነገራቸው። «ስድስት ሰው ሰምቷል፣ ወረቀቱ ምን ያደርጋል?» አሉ። ደብተሬን አጠፍሁት።

እሑድ፣ ሰኞ እና ከዚያ በኋላ

በመልሱ መንገድ ስለ ምግብም ስለ ቀሚስም የጠየቀን የለም፤ ተመስገን ነው። እትዬ ዘንቢሎቿን በሀጋርሱና በቁምቢ ሞልታ፣ አቅፋ ሳይሆን እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ በመስኮት እያየች መጣች። ልደታ ስንደርስ ቤት እንኳ ሳትገባ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። እኔ መንገድ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ አንስቼላት ነበር፤ «እዘጋለሁ አልሽ እንጂ እስከ መቼ እንደሆነ አላልሽም፣ ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ብትዘጊ መሐላው ይፈጸማል።» ንቀት ባለበት ዓይን አየችኝ።

የንስሐ አባቷ ግን ወደ እኔ ሐሳብ ትንሽ ያደሉ ሰው ናቸው። «ዝጊው፤ የግንቦት ልደታ ሲያልፍ ክፈቺው» አሏት። «እስከዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጠሽ ከአንቺ ለገዛ ሁሉ እውነቱን ንገሪ።» የግንቦት ልደታ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ገበያዋ ነው። «በዓሉም ዕለት?» አለች። «በዓሉም ዕለት» አሏት።

ተቀመጠች። የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ፣ በዱካ ላይ፣ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ እየጠራች። «የሸጥኩልህ ከርቤ አይደለም፣ የመዥገር መድኃኒት ነው፣ ይቅር በለኝ።» አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያማትባል። ፍርድ ቤት ክርክር ከመግባቱ በፊት በየጠዋቱ የሚጉመጠመጥበት አንድ ጠበቃ ቦርሳውን አስቀምጦ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «እትዬ፣ ለዳኞቹ እንዳይነግሩ» ብሎ ሄደ። በዓሉ ዕለት ሰፈሩ ንፍሮ ሲቀቅል፣ ምእመኑ ሱቁን አልፎ ሌላ ዘንድ ሲገዛ፣ እሷ ከዱካዋ አልተነሳችም። ማንም ተመልሶ ይመጣል ብላ አላሰበችም። እኔም አላሰብኩም።

በበዓሉ ማግስት ሱቁን ከፈተች። ሁለት ቆርቆሮ ጎን ለጎን አስቀመጥን፤ ጽሑፉን በመዝገብ ቤት እጄ ጻፍኩላት። አንዱ ላይ «ከርቤ»፣ ሌላው ላይ «ሀጋርሱ፤ ከርቤ አይደለም»። መጀመሪያ የመጣችው ሰዓዳ ናት። ከአዲሱ ቀመሰች፣ ፊቷ ተጨማደደ፣ «ይሄ ነው» አለች፤ የእትዬንም ትከሻ ሳመች። ከኋላዋ ግን ሰው ነበር። ከሰውየው ኋላም ሌላ ሰው። ሰልፉ ቀስ እያለ ወደ መንገዱ ወጣ።

እማሆይ ወለተ ሚካኤል፣ ከእትዬ ሱቅ የማይጠፉ የሰፈራችን አሮጊት፣ በዱላቸው ቆርቆሮውን ነካ አደረጉ። «የድሮውን ስጭኝ።»

«እማሆይ፣ የድሮው ከርቤ አይደለም። ነግሬዎት የለ?»

«ነግረሽኛል። እኔ ከርቤን መቼ አውቀውና። የማውቀው አንቺን ነው። ያንቺን ስጭኝ።»

እትዬ ሰጠቻቸውና ሚዛን የምትፈልግ መስላ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ አለች። አልተነሳችም። ጎንበስ ብዬ ሳይ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ እያለቀሰች ነው። «አንተ አስተናግድ» አለችኝ በእጇ። አስተናገድኩ። ሰው ሲቸኩልብኝ ክዳኖቹ ተለዋወጡብኝ፤ ከርቤ ላለ ሀጋርሱ፣ ሀጋርሱ ላለ ከርቤ ስሰጥ ቆየሁ። እትዬ ዓይኗን ጠርጋ ቀና ስትል አምስተኛው ሰው ጥቅሉን ይዞ ወደ ጌጃ ሰፈር ታክሲ እየገባ ነበር።

ቆርቆሮዎቹን አየች። እኔን አየች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች፤ አራቱን ሰዎች መንገድ ላይ አንድ በአንድ እያስቆመች ጥቅላቸውን አስመለሰች፣ ከዚያ የሚንቀሳቀሰውን ታክሲ በር ያዘች። «ቁም» አለችው ሾፌሩን። «ያ ሰው የያዘው ከርቤ አይደለም።» ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከዚያ ሱቅ ዱካ ላይ የምትነሳው የእኔን ትከሻ ይዛ ነበር። ያን ቀን እስከ ታክሲው ድረስ የሮጠችው ማንም ሳይደግፋት ነው።